የካርቦራተር ጄት ምንድን ነው? በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ለሚወጣና ለሚወርድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ስንት ቁጥር ይሁን?

ጄት በካርቦራተሩ ሆድ ውስጥ የሚታሰር፣ መሐሉ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ነው። ሞተሩ ከሚስበው አየር ጋር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚቀላቀል የሚወስነው የቀዳዳው ስፋት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጄት ይኖራል፤ ትንሹ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበትን) ይይዛል፣ ትልቁ ደግሞ ነዳጅ መስጫው ከሦስት አራተኛ በላይ ሲዞር ሥራውን ይረከባል። የመሐሉን የምትቆጣጠረው ሾጣጣዋ መርፌ ናት።

ቁጥሩ ራሱ ላይ ተቀርጿል። በኬይሂን ጄት 100 ማለት የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ሚኩኒ ግን ባለ ስድስት ጎን ጄቶቹን የሚለካው በሚያሳልፉት ቤንዚን መጠን ስለሆነ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መውሰድ ያሳስታል።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቦራተሩ ግን የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ቤንዚኑን የሚቀንሰው አየሩ ከቀነሰው ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር የተመረጠ ጄት እዚህ ቤንዚን ያበዛል፦ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ፒስተን ያስቀይራል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚበቃው ጄት ነው። ኬይሂን ላይ የፋብሪካው ቁጥር 100 ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ በ95፣ ደሴ ላይ በ92 ይጀመር።

ሁለቱን ከተሞች ለሚያመላልስ ሞተር የምንመክረው የኮምቦልቻውን ነው። ደሴ ላይ ትንሽ ቢያጨስ ጉዳቱ ቀላል ነው። ለደሴ የተስተካከለ ሞተር ወደ ኮምቦልቻ፣ ይባስ ብሎ ወደ ባቲ ወይም ከሚሴ ሲወርድ ግን ቤንዚን ያንሰዋል፤ ከመጠን በላይ ይግላል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ለሚቀላቀልበት ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ቤንዚን ማነስ ማለት ዘይት ማነስ ነው፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ያለ ሞተር ሐረጎን ሲወርድም ነዳጅ መስጫው ተዘግቶ በማርሽ ብቻ መያዝ የለበትም፤ በየመሐሉ ፍሪሲዮን ይዞ ትንሽ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል።

አሮጌ ሞተር ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማመን አደጋ አለው። ለዓመታት ቆሞ የደረቀ ቤንዚን ቀዳዳውን በሙጫ ያጠበዋል፤ ቀድሞ የነካው ሰው በሽቦ ጎርጉሮት ከሆነ ደግሞ ሰፍቷል። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ የብረት ሽቦ በቀላሉ ይፍቀዋል። በካርቦራተር ማጽጃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ በናይለን ክር ማሳለፍ፣ በኮምፕረሰር መንፋት። ከዚያ ወደ ብርሃን ይዞ ማየት ነው፤ ክቡ ጠርዙ ከተቦጨቀ አዲስ ይገዛል። ሲፈታም ካቻቢቴው ስንጥቁን ሞልቶ የሚገባ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ ጭንቅላቱን ይበላዋል።

ጄት ከመቀየር በፊት ካርቦራተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ይታይ። ጎማው ሲያረጅ ይሰነጠቅና አየር ያስገባል፤ ሞተሩ ቤንዚን ያነሰው ይመስላል። ሚኒሞ ላይ እያለ ጎማው ዙሪያ ማጽጃ ትንሽ ይረጭ፤ ድምፁ ከተለወጠ የሚቀየረው ጎማው ነው። ጭስ ማውጫው የጋለ ስለሆነ ማጽጃው ወደዚያ አይንካ። የአየር ፊልትሮውም ንጹሕና በቦታው የገባ መሆን አለበት።

ከዚያ አዲስ ካንዴላ ይታሰርና ሞተሩ ይሙቅ። ኮምቦልቻ ላይ ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ጥቂት መቶ ሜትር መንዳት፤ ሳይቀንሱ ሞተሩን ማጥፋት፣ ወዲያው ፍሪሲዮን ይዞ መቆም። በሚኒሞ ተነድቶ ከተመለሰ ካንዴላው የሚያሳየው የሚኒሞውን ነው። ተፈትቶ ነጩ ሸክላ ሥሩ ላይ የማኪያቶ ቀለም ከያዘ ጄቱ ልክ ነው። ከጠቆረ አንድ ቁጥር ይቀነስ። ነጭ ሆኖ ከቀረ እንደዚያው መንዳት አይገባም፤ ሁለት ቁጥር ጨምሮ እንደገና ማየት ነው።