ኪዮቶ በእግር፦ በምሥራቁ ተራራ ሥር አንድ ቀን

የጃፓኗን ኪዮቶ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ቀኑን የሚጨርሰው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው። ከተማዋ ወደ 1.4 ሚሊዮን ሕዝብ አላት። ስመ ጥር ቦታዎቿም በየማዕዘኑ ተበታትነዋል፤ ወርቃማው ቤተ መቅደስ ሰሜን ምዕራብ፣ የቀርከሃው ጫካ ምዕራብ ዳር፣ ፉሺሚ ኢናሪ የተባለው መቅደስ ደቡብ። አውቶቡሶቹ በሰውና በሻንጣ ጢም ብለው ነው የሚመጡት። ለእግረኛ የሚሻለው አንድ መስመር መርጦ ሌላውን መተው ነው። የእኔ ምርጫ ሂጋሺያማ ነው፤ ትርጉሙ «ምሥራቃዊ ተራራ» ማለት ነው። ከኪዮሚዙዴራ ገዳም እስከ ጊንካኩጂ ቤተ መቅደስ፣ የተራራውን ግርጌ ይዞ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ቢበዛ ሰባት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቀኑን የሚበላው እግር ሳይሆን እየቆሙ ማየቱ ነው።

ኪዮቶ ከ794 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች። የተቀየሰችው በጥንቷ የቻይና መዲና በቻንጋን አምሳል ነው። መሀል ከተማዋ እንደ ዳማ ሰሌዳ ቀጥ ቀጥ ያለ ስለሆነ መጥፋት ይከብዳል። በሦስት በኩል ተራራ ከብቧታል፤ ቀና ብሎ አንዱን ያየ አቅጣጫውን ያገኛል። ወደ ሰሜን መሄድ «መውጣት»፣ ወደ ደቡብ «መውረድ» ይባላል። ይህ አነጋገር ብቻ አይደለም፣ አድራሻ ላይ ይጻፋል። «ከፖስታ ቤቱ ከፍ ብሎ» እየተባለ ቤት ሲፈልግ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አሮጌዎቹ ሰፈሮች ዛሬ ድረስ መቆማቸው በራሱ ታሪክ ነው። በ1945 ኪዮቶ በአቶሚክ ቦምብ ዒላማዎች ዝርዝር ውስጥ ነበረች። ከዝርዝሩ ያስወጣት የአሜሪካው የጦር ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን ነው።

ጉዞው በማለዳ ይጀመር። ኪዮሚዙዴራ በሩን የሚከፍተው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ረፋድ ላይ የደረሰ ሰው የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ገዳሙ የተመሠረተው በ778 ሲሆን የአሁኑ ትልቁ አዳራሽ የተሠራው በ1633 ነው። ዝናው ከገደሉ ላይ ወጣ ብሎ በተዘረጋው የእንጨት መድረክ ነው። ቁመቱ 13 ሜትር ያህል ነው። ከሥር ወርዶ ወደ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ግዙፎቹ ምሰሶዎች ያለ ምስማር፣ እንጨት በእንጨት ተሰክቶ ነው የተያያዙት። ጃፓኖች ከባድ ውሳኔ የወሰነ ሰውን «ከኪዮሚዙ መድረክ ዘለለ» ይሉታል። የምር የዘለሉም ነበሩ። ዘሎ የተረፈ ሰው የተሳለው ይደርስለታል ተብሎ ይታመን ነበር። የገዳሙ መዛግብት ከ1694 እስከ 1864 ድረስ 234 ሰው መዝለሉን ያሳያሉ፤ አብዛኛው ተርፏል። በ1872 ተከለከለ።

ከመድረኩ ሥር የኦቶዋ ፏፏቴ በሦስት ቦይ ይወርዳል። ሰው ተሰልፎ፣ እጀታው በረዘመ ጭልፋ እየቀዳ ይጠጣል። እኛ ጠበል የምንለው ዓይነት ነው። አንዱ ለዕድሜ፣ አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለፍቅር ነው ይባላል። ከሦስቱም መጠጣት ግን ስግብግብነት ነው፤ መምረጥ ግድ ነው።

ቁልቁል ሲወርዱ ሳንኔንዛካ የሚባለው የድንጋይ ደረጃ ይመጣል። እዚያ የወደቀ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ይሞታል የሚል አጉል እምነት አለ። መድኃኒቱም እዚያው ይሸጣል፦ ቅል። አዎ፣ ቅል። ደረጃው ሥር ቅል የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ የወደቀ ይገዛና ክፉውን ይመልስበታል። ንግዱን ማን እንደጀመረው ባይታወቅም ቦታ መምረጡን ያውቅበታል።

በእነዚህ ጠባብ መንገዶች ላይ ከትልልቁ ሕንጻ ይልቅ የግድግዳ ግርጌ ማየት ያዝናናል። ቀስት መስሎ የጎበጠ የቀርከሃ አጥር ግድግዳው ሥር ተደግፎ ይታያል። ስሙ ሲተረጎም «ውሻ መከላከያ» ነው፤ የዝናብ ፍንጣቂንም ይከላከላል። በሩ ላይ ውሃ የሞላ ቀይ ባልዲ አለ፣ ለእሳት አደጋ። አንዳንዱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጣት የምታክል ቀይ የቶሪ ምስል ተለጥፋለች። ቶሪ የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ነባር እምነት፣ መቅደስ በር ነው። እዚህ ምን ትሠራለች? «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ማለት ነው። በቅዱስ ምልክት ላይ የሚሸና አይኖርም ተብሎ ታስቦ ነው። የእኛን የቀለም ጽሑፍ ብዙም ሰው ሲሰማው ስላላየሁ ዘዴዋን ወድጃታለሁ።

ጊዮን የሚባለው የጌይሻዎች (በዘፈንና በጭፈራ እንግዳ የሚያስተናግዱ ሴቶች) ሰፈር ላይ ጠንቀቅ ማለት ነው። ነጭ ተቀብተው፣ ኪሞኖ ለብሰው ፈጠን ፈጠን እያሉ የሚያልፉት ሴቶች ወደ ሥራ እየሄዱ ነው። ካሜራ ይዞ የሚከተላቸው በመብዛቱ ከ2024 ጀምሮ የግል የሆኑት መተላለፊያዎች ለጎብኚ ተዘግተዋል፤ ጥሶ የገባ 10,000 የን ይቀጣል። ዋናው መንገድ ክፍት ነው።

በቺዮንኢን ቤተ መቅደስ ትልቅ በር በኩል ወደ ሰሜን ከቀጠሉ ናንዘንጂ የተባለው ቤተ መቅደስ ይደረሳል። ምሳ እዚህ ይሁን። የአካባቢው ምግብ ዩዶፉ ነው፤ በባሕር ቅጠል ውሃ የተቀቀለ ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ። ለጿሚ የተሠራ ይመስላል። ግን ማጥለቂያው ስጎ ብዙ ጊዜ የደረቀ ዓሣ መረቅ አለበት። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኔ አልገባበትም፤ የማይበላ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ናንዘንጂ ግቢ ውስጥ አንድ የማይገጥም ነገር አለ። በእንጨት ቤተ መቅደሶቹ መካከል፣ የሮማውያንን የመሰለ ባለ ቅስት የቀይ ጡብ ድልድይ ቆሟል። ላዩ ላይ ሰው ሳይሆን ውሃ ነው የሚሄደው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1869 ወደ ቶኪዮ ሲሄድ ኪዮቶ ቀዝቅዛ ነበር። ከተማዋን ለማንቃት ከቢዋ ሐይቅ ቦይ ይቆፈር ተባለ። ሥራው የተሰጠው ገና ከኮሌጅ ለወጣው መሐንዲስ ለታናቤ ሳኩሮ ነው። በ1885 ተጀምሮ በ1890 አለቀ። በዓመቱ ውሃው ኬአጌ ላይ ኤሌክትሪክ አመነጨ፤ በ1895 ደግሞ የጃፓን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ትራም በዚህችው ከተማ መንገድ ላይ ሄደ። ከቤተ መቅደሱ ይልቅ ይህን ጡብ ብዙ ሰዓት ቆሞ የሚያየው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ከዚያው ቦይ የወጣ ቅርንጫፍ «የፈላስፋው መንገድ» አጠገብ ይፈስሳል። ስሙ የተወሰደው እዚህ ይመላለስ ከነበረው ከኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ፈላስፋ ኒሺዳ ኪታሮ ነው። ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳርና ዳሩ የቼሪ ዛፍ። ውሃውን ልብ ብላችሁ እዩት። የኪዮቶ ወንዞች ወደ ደቡብ ሲወርዱ ይህ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ከእናንተ ጋር።

መጨረሻው ጊንካኩጂ ነው፣ «የብር ቤተ መቅደስ»። ብር የለውም። የቀድሞው ሾገን (የጦር ገዥ) አሺካጋ ዮሺማሳ በ1482 ያስጀመረው መኖሪያ ነበር። አትክልቱ ቦታ ውስጥ ጫፉ የተቆረጠ የአሸዋ ቁልል አለ፤ ከኋላው የድንጋይ ሽበት የሸፈነው ተዳፋት።

ስለ ጫማ አንድ ነገር። በየቤተ መቅደሱ አዳራሽ ጫማ ይወለቃል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለለመደ አዲስ አይደለም፤ ግን በቀን አምስት ጊዜ ክር መፍታት ያሰለቻል፣ የተቀደደ ካልሲም ያሳፍራል። ፌስታልም ያዙ። መንገድ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ማግኘት ብርቅ ነው።

ከጊንካኩጂ ኢማዴጋዋ መንገድን ይዞ ወደ ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ካሞ ከሚሆኑበት ይደረሳል። ወንዙን የሚያሻግሩ መረማመጃ ድንጋዮች አሉ፣ አንዳንዶቹ በኤሊ ቅርጽ። ሕፃናት ዘለው ያልፋሉ፣ አዋቂው እጁን ዘርግቶ ይመዝናል። ሣሩ ላይ ተቀምጦ ዳቦ መብላት ደስ ይላል፤ ችግሩ ጭላት ነው። ከኋላ መጥቶ ከእጅ ላይ ይሞጨልፋል፣ ተጠንቀቁ የሚል ሰሌዳም ተተክሏል። ዛፍ ሥር ገብቶ መብላት ይሻላል።