ለአዲስ ዴስክቶፕ ዲስክ ሲመረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ ዴስክቶፕ ሲገጣጠም ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ግራፊክስ ካርዱ ብዙ ይመከራል። ዲስኩ ግን መጨረሻ ላይ ይታወስና በተረፈችው ገንዘብ፣ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ተመርጦ ይገዛል። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚያው ቁጥሩ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ፍጥነትና ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የሚሰማው ፍጥነት ይለያያሉ።

«በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ለዊንዶውስ ይበቃል»

አይበቃም። ሒሳቡን እንሥራው። በደቂቃ 7200 ማለት በሰከንድ 120 ዙር ነው፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የሚፈለገው መረጃ ማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። ማንበቢያው ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ ደግሞ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ አለ። ተደምሮ 13 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ዲስኩ በአንድ ሰከንድ ከተለያየ ቦታ ሊለቅም የሚችለው ከ75 እስከ 80 ቁራጭ ብቻ ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ 4 ኪሎባይት ብትሆን በሰከንድ የሚገኘው 300 ኪሎባይት አካባቢ ነው። ያው ዲስክ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ኮፒ ሲያደርግ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ይሰጣል! ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው ግን ቪዲዮ አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከየጥጋጥጉ ነው የሚለቅመው።

ከ5400 ወደ 7200 መውጣት የግማሽ ዙሩን ጥበቃ ከ5.6 ወደ 4.2 ሚሊሰከንድ ያወርዳል፤ ትርፉ ይኸው ነው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም መረጃን በሚሞሪ ቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ዲስክ፣ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው መልሱ 0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ወይም ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይመጣል። እንግዲህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ፕሮግራሞቹ ኤስኤስዲ ላይ ይጫኑ። ሃርድ ዲስክ ለፎቶ፣ ለፊልምና ለባክአፕ ይዋል፤ በብዙ ቴራባይት የሚቆጠር ነገር ለማስቀመጥ አሁንም ርካሹ እሱ ነው።

«እንግዲያው ፈጣኑን ኤንቪኤምኢ መግዛት ነው»

እዚህ ላይ ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ይኬዳል። ሳታ በሚባለው የቆየ ማገናኛ የሚገናኝ ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ያህል ያነብባል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በተባለው ፈጣን መስመር የሚሠራ ኤስኤስዲ ሲሆን በመስመሩ 3ኛ ትውልድ 3500፣ በ4ኛው ትውልድ 7000፣ በ5ኛው እስከ 14000 ይደርሳል። ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ነገር ግን ሁሉም የተለኩት አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ ነው። ያንኑ ዲስክ 4 ኪሎባይት የሆኑ ቁራጮችን አንድ በአንድ እንዲለቅም ብትጠይቁት ሳታው 30 ወይም 40 ሜጋባይት፣ ኤንቪኤምኢው ደግሞ ከ50 እስከ 90 ሜጋባይት በሰከንድ ይሰጣል። 25 እጥፍ የነበረው ልዩነት ሁለት እጥፍ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ኮምፒውተር ሲከፈት ወይም ብሮውዘር ሲነሳ በ3ኛውና በ5ኛው ትውልድ መካከል ያለውን ልዩነት ያለ ሰዓት መያዣ የሚለይ ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን።

ከፍተኛው ፍጥነት የሚጠቅመው ያልተጨመቀ ቪዲዮ ለሚያርትዕ ወይም በመቶ ጊጋባይት የሚቆጠር ፋይል በሁለት እኩል ፈጣን ዲስኮች መካከል ለሚያመላልስ ሰው ነው። ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤንቪኤምኢ ኮፒ ስታደርጉ ፍጥነቱን የሚወስነው ዘገምተኛው ነው። ጌምም ቶሎ ይከፈት እንደሆነ እንጂ በሰከንድ የሚታየው የፍሬም ብዛት ዲስኩ ስለፈጠነ አይጨምርም። የ5ኛው ትውልድ ዲስክ ደግሞ በጣም ይሞቃል፤ ሙቀት ማስወገጃ ብረት ካልተገጠመለት ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የተከፈለበትም ፍጥነት ባክኖ ይቀራል። ለአብዛኛው ሰው ደህና የሆነ 1 ቴራባይት የ3ኛ ወይም የ4ኛ ትውልድ ዲስክ ከበቂ በላይ ነው።

«ኤም.2 ማለት ኤንቪኤምኢ ማለት ነው»

ኤም.2 የቅርጽ ስም ነው። 2280 የሚለው ቁጥር 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ሲሆን በዚያ ቅርጽ ሳታም ኤንቪኤምኢም ይመጣል። ኤንቪኤምኢ ብቻ በሚቀበል ማስገቢያ ላይ ሳታ የሆነ ኤም.2 ብታስገቡ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ብሎኑም ይታሰራል፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም) ግን አያየውም። ብዙዎች ዲስኩ ተበላሽቷል ብለው የሚመልሱት እንዲህ ሲሆን ነው። እግሩ ላይ ያለውን ጎድጎዳ ቆጥሮ መለየትም አያስተማምንም፤ ባለ ሁለት ጎድጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ቢሆንም ባለ ሁለት ጎድጎዳ ኤንቪኤምኢም ተሠርቷል። የሚታመነው የዲስኩ መግለጫና የማዘርቦርዱ ማንዋል ነው።

ማንዋሉ ላይ ሌላም የሚፈለግ ነገር አለ። ብዙ ማዘርቦርዶች አንዱ ኤም.2 ማስገቢያ ሲያዝ አንድ ወይም ሁለት የሳታ ማስገቢያ ያጠፋሉ። ኤንቪኤምኢ ከጨመራችሁ በኋላ የነበረው ሃርድ ዲስክ ከጠፋባችሁ ኬብሉን ወደ ሌላ የሳታ ማስገቢያ አዛውሩት።

ሲገጠም ዲስኩ በ30 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ ይገባና ወደ ታች ተጭኖ በትንሿ ብሎን ይታሰራል። ብሎኗ የምታርፍበት ምሰሶ 80 ቁጥር ላይ መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። ሙቀት ማስወገጃው ሥር ያለው ለስላሳ ንጣፍ ላይ የተለጠፈችውን ስስ ፕላስቲክም ላጧት። ሳትላጥ የቀረች እንደሆነ ብረቱ ሙቀቱን በደንብ አይቀበልም።

«1 ቴራባይት ገዝቼ 931 ብቻ አሳየኝ፣ ተታለልኩ»

አልተታለላችሁም። አምራቹ 1 ቴራባይት የሚለው 1,000,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ያንኑ ሦስት ጊዜ ለ1024 አካፍሎ 931 ጊጋባይት ይላል። ባለ 4 ቴራባይቱም በዚሁ ሒሳብ 3725 ጊጋባይት ገደማ፣ ማለትም 3.6 ቴራባይት አካባቢ ይሆናል። እውነተኛው ማታለል ሌላ ቦታ ነው፦ በማይታመን ርካሽ ዋጋ «16 ቴራባይት» ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ያለበት ውጫዊ ዲስክ። ኮምፒውተሩ 16 ብሎ ያነብበዋል፤ ፋይሉ ግን ከተወሰነ መጠን በኋላ በቀድሞው ላይ እየተጻፈ ይጠፋል። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል።

ከ2 ቴራባይት በላይ የሆነ ዲስክ ስታዘጋጁ ከሁለቱ የዲስክ አከፋፈል ዓይነቶች ኤምቢአርን ሳይሆን ጂፒቲን ምረጡ፤ ኤምቢአር ከ2.2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ ሊጠቀምበት አይችልም።

«ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል»

ስንት ሊጻፍበት እንደሚችል መግለጫው ላይ አለ። የተለመደ ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና ይሰጠዋል። በቀን 30 ጊጋባይት ብትጽፉበት 20,000 ቀን፣ ማለትም ከ54 ዓመት በላይ ይወስዳል። ከዚያ በፊት ሌላ ነገሩ ይበላሻል ወይም ያረጃል።

ይልቅስ የሚያሳስበው ኪውኤልሲ በሚባለው፣ በአንድ ሕዋስ 4 ቢት በሚያጭቀው ዓይነት ላይ ትልቅ ፋይል ሲጻፍ የሚሆነው ነው። ሳምሰንግ 870 ኪውቪኦ ባለ 1 ቴራባይቱን እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹን 42 ጊጋባይት በሙሉ የሳታ ፍጥነት ይቀበላል። ያ ጊዜያዊ ማረፊያ ሲሞላ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል፤ ከሃርድ ዲስክ ያነሰ ማለት ነው። ሰነድ ለሚጽፍ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ 200 ጊጋባይት ለሚገለብጥ ግን ያስለቅሳል። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ በአንድ ሕዋስ 3 ቢት የሚይዘውን ቲኤልሲ ግዙ፤ የትኛውንም ቢሆን ደግሞ እስከ አፍ ገደፉ አትሙሉት።

ሃርድ ዲስክ ሲታመም ብዙ ጊዜ ይንኳኳል፣ ይንፏቀቃል፤ ኤስኤስዲ ያለ ምንም ድምፅ አንድ ጠዋት ይጠፋል። የተሰረዘውን ቦታ አስቀድሞ ባዶ በሚያስደርገው ትሪም በተባለ ትእዛዝ ምክንያት በስህተት የተሰረዘ ፋይልን መልሶ ማግኘትም አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ለዓመታት ያለ መብራት መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ማኅደርም ኤስኤስዲ ላይ አይሁን፤ ሕዋሶቹ የያዙት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ዲፍራግመንት ማድረግ (የተበታተኑ የፋይል ቁራጮችን ማሰባሰብ)? ለኤስኤስዲ አያስፈልግም።

«4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሁሉ አንድ ነው»

ይህ ብዙ ሰው ያልሰማው ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ጠርዝ ላይ ተደርቦ እንደሚመታ፣ ኤስኤምአር በሚባሉት ዲስኮች ላይም የመረጃ መስመሮቹ በከፊል ተደራርበው ይጻፋሉ። እንዲህ በመደረጉ በአንድ ሳህን ላይ ብዙ መረጃ ይገባል። ችግሩ መሐል ያለ መስመር መለወጥ ሲፈለግ ነው። አንዱን ቆርቆሮ ለመቀየር በላዩ የተደረቡትን መንቀል እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ዲስኩም ቀጥለው የተደረቡትን መስመሮች በሙሉ አንብቦ እንደገና ይጽፋል። ይህን ለመሸፈን መጀመሪያ ያልተደረበ ማረፊያ ቦታ ላይ ይጽፍና ሥራ ሲፈታ ያስተካክላል። ያለ እረፍት ለሰዓታት ከተጻፈበት ግን ማረፊያው ይሞላና ፍጥነቱ ወደ ጥቂት ሜጋባይት ሊያሽቆለቁል ይችላል።

በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ ይሸጣቸው ከነበሩት «ሬድ» ዲስኮች መካከል ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉት አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን ከገዢዎች ቅሬታ በኋላ ይፋ አደረገ። አሮጌውን ባለ 4 ቴራባይትና ኤስኤምአሩን የሚለያቸው በሞዴል ቁጥራቸው ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል ነበረች። ስለዚህ ስሙንና መጠኑን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ ኤስኤምአር ወይም ሲኤምአር (መስመሮቹ የማይደራረቡበት) መሆኑን ፈልጉ። አንዴ ተጽፎ ለሚነበብ የፊልም ክምችት ኤስኤምአር ይሠራል። ለሬይድ (RAID፣ ብዙ ዲስኮችን ለሚያጣምረው አሠራር) እና በየቀኑ ለሚታረም ፕሮጀክት ሲኤምአር ይሁን።

እዚያው ሰንጠረዥ ላይ «1,000,000 ሰዓት» የሚል የብልሽት አማካይ ጊዜ (MTBF) ታገኛላችሁ። 114 ዓመት ይኖራል ማለት አይደለም። አንድ ዓመት 8760 ሰዓት ስለሆነ፣ ከ1000 ዲስኮች በየዓመቱ 9 ያህሉ ይበላሻሉ ተብሎ ተገምቷል ማለት ነው። የእናንተው ከዘጠኙ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ቅጂ እንዲይዙ በሬይድ 1 ማጣመርም ባክአፕ አይሆንም፤ ከአንዱ የሰረዛችሁት ከሌላውም በዚያው ቅጽበት ይሰረዛል። ባክአፕ የሚባለው ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ የሚቀመጠው ቅጂ ነው።

«ከገባ ይሠራል»

የፓወር ሰፕላይ ኬብል ላይ ይህ አባባል ዲስክ ያቃጥላል። ተነቃይ ኬብል ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች በራሳቸው በኩል ያለው የሽቦ አደራደር ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያል። ሶኬቱ ልክ ስለሆነ የአሮጌውን ኬብል በአዲሱ ላይ ብትሰኩ 12 ቮልት 5 ቮልት በሚፈልገው መስመር ሊሄድ ይችላል። አብሮት የመጣውን ብቻ ተጠቀሙ።

ዊንዶውስ ስትጭኑም ዲስኮቹን ሁሉ አትሰኩ። ሌላ ዲስክ ካገኘ የማስነሻውን ክፍልፍል እዚያኛው ላይ ሊያደርገው ይችላል። ከወራት በኋላ ያ አሮጌ ዲስክ ሲነቀል አዲሱ ኤስኤስዲ ደህና እያለ ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል። መጀመሪያ ኤስኤስዲው ብቻ ይገጠም፣ ዊንዶውስ ተጭኖ ይለቅ፣ ኮምፒውተሩ ይጥፋ፣ ከዚያ ሃርድ ዲስኩ ይሰካ። አዲሱ ሃርድ ዲስክ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ባይታይ አትደንግጡ፤ ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍታችሁ ጂፒቲ አድርጋችሁ ፎርማት እስክታደርጉት አይታይም።

መመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ፕሮግራም ክፈቱና የሃርድ ዲስኩን የስማርት ሰንጠረዥ፣ ማለትም ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን እዩ። ፕሮግራሙ ዋጋዎቹን በአስራ ስድስትዮሽ ስለሚያሳይ ከምርጫዎቹ ወደ አስርዮሽ ለውጡት። ዲስኩን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በፋይል ሙሉትና ሰንጠረዡን እንደገና ተመልከቱ። የተበላሹ ወይም የተጠረጠሩ ቦታዎችን የሚቆጥሩት ቁጥር 5፣ 197 እና 198 (በፕሮግራሙ መለያ 05፣ C5 እና C6) ዜሮ መሆን አለባቸው፤ በአዲስ ዲስክ ላይ አንዳቸው ከፍ ካሉ ሳትከራከሩ መልሱት። መረጃ በኬብሉ ሲያልፍ የሚፈጠሩ ስህተቶችን የሚቆጥረው 199 (C7) ብቻ እየጨመረ ከሄደ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሳታ ኬብሉ ነውና እሱን ቀይሩ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፣ መጨመሩን ካቆመ ይበቃል።