ጂኖሚክ ኢምፕሪንቲንግ፦ ከአባት የመጣው ቅጂና ከእናት የመጣው ቅጂ

ደሴ ውስጥ ሥነ ሕይወት ሳስተምር ተማሪዎቼን አብዝቶ የሚያደናግራቸው ቃል «ጂኖሚክ ኢምፕሪንቲንግ» ነው፤ የዘር ውርስን ሕግ ባጠናው በሜንዴል ትምህርት መሠረት አንድ ዘረመል ከእናትም መጣ ከአባት ልዩነት የለውምና። አብዛኞቹ ዘረመሎች በእርግጥም እንዲሁ ናቸው፤ በሰው ዘንድ 100 ገደማ የሚሆኑት ግን በእንቁላል ወይም በወንዴ ዘር ውስጥ ሳሉ ሜቲል በሚባል ኬሚካዊ ምልክት ስለሚታተሙ፣ ከእናትና ከአባት ከመጡት ሁለት ቅጂዎች አንደኛው ዝም ይላል፣ ማለትም አይሠራም፤ ኢምፕሪንቲንግ (ማተም) የሚባለውም ይኸው ነው። የዘረመሉ ፊደል አይለወጥም፤ ማኅተሙም በልጁ የመራቢያ ሕዋሳት ውስጥ ተፍቆ እንደ ልጁ ጾታ ዳግመኛ ይታተማል።

ለወሎ ተማሪ በቅሎን መጥቀስ ይቀለኛል፦ ከአህያ አባትና ከፈረስ እናት የምትወለደው በቅሎ፣ ወላጆቹ ተገላብጠው ከሚወለደው ዲቃላ ትለያለች፤ ኢምፕሪንቲንግ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

በሰው ፅንስ ውስጥ ዕድገትን የሚያፋጥነው አይጂኤፍ 2 የተባለው ዘረመል በአመዛኙ የሚሠራው ከአባት በመጣው ቅጂ ነው። በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ክፍል ከአባት ወገን ሲጎድል ደግሞ ፕራደር-ዊሊ ሲንድረም ይከሰታል፤ ሕፃኑ መጀመሪያ ለመጥባት እንኳ አቅም ያንሰዋል፣ ከፍ ሲል ግን ጥጋብ የማያውቅ ረኃብ ይይዘውና ካልተጠበቀ ለከፍተኛ ውፍረት ይዳረጋል። ያው ክፍል ከእናት ወገን ሲጎድል የሚመጣው አንጀልማን ሲንድረም የተባለ ፈጽሞ ሌላ ሕመም ነው፤ መለያዎቹም የንግግር እጦት፣ የሚጥል በሽታና የሚዛን ችግር ናቸው።