ሉላዊ የዙሪያ ድምፅ ስፒከር፣ ከአዲስ አበባ ዳር ብየዳ ቤት ውስጥ

ሉላዊ ስፒከር ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ራሱ ክብ የሆነ ስፒከር ነው፣ አይደለም፣ ሰውዬው መሃል ይቆማል፣ ስፒከሮቹ ከፊት ከኋላ ከላይ ከታችም ይከቡትና ሁሉም ወደ ጆሮው ይዞራሉ። ሌሊት ቅኔ ማህሌት የቆመ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፣ የግራና የቀኙ እየተቀባበሉ ከበሮው ደረትህን ሲመታህ የነበረውን በስልክ ቀድተህ ቤት ብትሰማው ያ ሁሉ ዙሪያ አንድ ቦታ ታጭቆ ነው የሚመጣው። ሉሉ ያንን መልሶ ለመዘርጋት ነው።

ሀሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ኦሳካ ኤክስፖ ላይ ጀርመኖች ሉል የሆነ የሙዚቃ አዳራሽ ሰርተው የሙዚቃ ደራሲው ሽቶክሃውዘን 50 ገደማ በሆኑ ስፒከሮች ድምፁን ሲያዞረው፣ አድማጩ ድምፅ በሚያሳልፍ ወንፊት መሰል ወለል ላይ ነበር የተቀመጠው። በ1970ዎቹ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ እነ ማይክል ገርዞን አምቢሶኒክስ የሚባለውን ዘዴ አመጡ። እዚህ ጋ ቻናሉ የሚይዘው ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ነው እንጂ የትኛው ስፒከር እንደሚያወጣው አይደለም፣ ያንን የሚያከፋፍለው ዲኮደሩ ነው። አቅጣጫው ምን ያህል በዝርዝር እንደሚያዝ የሚለካው በኦርደር ነው፣ አንደኛ ኦርደር 4 ቻናል ይፈልጋል፣ ሁለተኛው 9፣ ሦስተኛው 16፣ ስፒከሩም ቢያንስ የዛን ያህል መሆን አለበት። በ4 ቻናል ጭንቅላትህ አካባቢ ልክ የሚሆነው እስከ 600 ኸርዝ ገደማ ነው፣ በ16 ወደ 1800 ይደርሳል፣ ስለዚህ ለእኔ ከሦስተኛ በታች መድከም ትርፍ የለውም።

ለ16 ቻናል ደስ የሚለው ቅርፅ 12 ፊትና 20 ጫፍ ያለው ዶዴካሄድሮን ነው፣ በየጫፉ አንድ ስፒከር። ከመሃል እስከ ጫፍ 2 ሜትር ካደረግከው እያንዳንዱ ጠርዝ 1.43 ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ 30 ጠርዝ አለው፣ ከ6 ሜትር ቱቦላሬ አራት አራት ስለሚወጣ 8 ቤርጋ ይበቃል። በአንዱ ፊቱ ሲቆም ቁመቱ 3.2 ሜትር ገደማ ነው፣ መሃሉ ደግሞ ከመሬት 1.6 ሜትር፣ ማለትም የቆመ ሰው ጆሮ ጋ! ለሚቀመጥ ሰው ግን ከመሬት 40 ሳንቲም ከፍ ያለ የሽቦ ወለል መስራት ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ሳሎን አይገባም፣ ለዚህ ነው ለገጣፎ ወይ ሰበታ ወይ ሱሉልታ በኩል ጣሪያው ከፍ ያለ ሼድ የሚፈለገው።

እኛ ስንሰራ በያጁ ቱቦላሬውን በመዶሻ መታ አደረገና «ይሄ እኮ ደወል ነው» አለን፣ እውነቱን ነበር፣ ባስ ሲከፈት ብረቱ አብሮ ይዘፍናል። ደረቅ አሸዋ ሞልተን ጫፉን በላሜራ ስንዘጋው ዝም አለ።

ስፒከሩ ሃያውም አንድ ዓይነት ይሁን። ምናለሽ ተራ ርካሽ ይገኛል ግን እዚህ አንድ እዛ አንድ ለቅመህ ሉል አይሆንም። ፕላስና ማይነሱን በባትሪ ድንጋይ ፈትሽ፣ ነካ ስታደርገው ኮኑ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፕላስ የነካው ጫፍ ፕላሱ ነው። ከሃያው አንዱ ከተገለበጠ ድምፁ ወዴት እንደሚሸሽ ሳይገባህ ቀኑን ሙሉ ትውላለህ፣ እኛ ሁለት ቀን ሆነብን።

ብየዳው ሁለት ሦስት ሳንቲም ቢስት አትጨነቅ፣ ርቀቱን ለክተህ በዲሌይ፣ ማለትም የቀረበውን ስፒከር ድምፅ በማዘግየት፣ ታስተካክለዋለህ፣ ድምፁ በሰከንድ 48 ሺህ ቁራጭ (ሳምፕል) ሲሆን 10 ሳንቲም 14 ሳምፕል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች ድምፅ ይዘገያል የሚሉ አሉ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው እንጂ ከፍታው አይደለም፣ ጠዋት በ10 ዲግሪ በሰከንድ 337 ሜትር፣ በ20 ዲግሪ 343። ለሃያውም እኩል ስለሚለወጥ ደግሞ ችግር የለውም።

ችግሩ ቆርቆሮው ነው። ግድግዳው ድምፁን እየመለሰ አቅጣጫውን ያበላሸዋል፣ ስፖንጅና ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅለን በጣም ተሻለ፣ ክረምት ግን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣሪያውን ሲይዘው ሁሉን አጥፍተን ሻይ ነው የምንጠጣው።