የወሲብ ሱስ ነው ወይስ ባይፖላር?

አንድ ጨዋ የምንለው ሰው በድንገት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር መተኛት ሲጀምር "ባለገ" ወይም "ሱስ ያዘው" እንላለን። የአእምሮ ሐኪም ግን ስለ እንቅልፉም ይጠይቃል።

ባይፖላር ስሜት በድብርትና በማኒያ መካከል የሚዋዠቅበት የአእምሮ ሕመም ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው ማኒያ ውስጥ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚነሳበት ጊዜ) ሲገባ የወሲቡ ግፊት ብቻውን አይመጣም። ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ አይደክመውም። አፉ አያርፍም። ያጠራቀመውን ብር በአንድ ቀን ይበትነዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ማኒያው ሲበርድ ግፊቱም አብሮ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጸጸት ነው ከባዱ። እባካችሁ በዚያ ሰዓት አትውቀሱት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መለያ "አስገዳጅ የወሲብ ባህርይ" የሚባል ሌላ ሕመም አለ። እሱ በስሜት መዋዠቅ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ሰውየው ማቆም እየፈለገ ያቅተዋል፤ ችግሩ 6 ወርና ከዚያ በላይ ይዘልቃል፤ ትዳሩ ወይም ሥራው ይጎዳል። "ኃጢአት ሠራሁ" ብሎ መጨነቅ ብቻውን ግን ሕመም አያሰኝም።

ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። መለየቱ የሚጠቅመው ለሕክምናው ነው። ማኒያን ምክር ብቻውን አይመልሰውም፤ እንደ ሊትየም ያለ ስሜት አረጋጊ መድኃኒት ያስፈልጋል። ባይፖላሩ ሳይታወቅ የድብርት መድኃኒት ብቻ ቢጀመር ደግሞ ማኒያውን ሊቀሰቅሰው ይችላል።

በማኒያው ወቅት ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከነበረ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ።