«ሰዋስዋዊ ውስብስብነት» ምንድን ነው? የዓረፍተ ነገር ርዝመትስ አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ አስተያየት ሰጪ «ኤአይ ለፖርቹጋልኛ ጀማሪ የሚጽፈው ሰዋስዉ ቀላል ነው፣ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸዋ» አለ። ስንቴ ሰማኋት ይቺን! ወንድሜ፣ የቆጠርከው ቃላት ነው እንጂ ሰዋስው አይደለም።

ሰዋስዋዊ ውስብስብነት ማለት አንባቢው ስንት ዓይነት መዋቅር መፍታት እንዳለበት፣ አንዱ ሐረግ በሌላው ውስጥ ምን ያህል እንደተሸጎጠ ነው። ርዝመት ቢበዛ ፍንጭ ነው።

ሻንጣ አስቡ። ኤርፖርት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ክብደቱ ነው እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ትልቁ ጋቢ ብቻ ይዞ ይቀላል፤ ትንሿ በርበሬና ሽሮ ታጭቃ ታስከፍላለች። «ማሪያ ትነሳለች፣ ቡና ትጠጣለች፣ ዳቦ ትበላለች፣ አውቶቡስ ትይዛለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች» የሚለውን በፖርቹጋልኛ ጻፉት። ረጅም ነው፤ ግን ግሱ ሁሉ የአሁን ጊዜ ነው። ጀማሪ በአንድ እጁ ይጎትተዋል።

አሁን «ሴ ፎር፣ አቪዛ» በሉት። «ከሄድክ አሳውቀኝ» ነው፣ ሦስት ቃል። «ፎር» ግን የወደፊት ሰብጀንክቲቭ የሚባለው ቅርጽ ነው (ገና ያልሆነ፣ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ነገር የሚነገርበት)፤ ስፓኒሽ እንኳ ከዕለት ንግግሩ ያወጣው። በዚያ ላይ «መሆን» እና «መሄድ» በዚህ ቅርጽ አንድ ናቸው። ሂያጁ እኔ ልሁን፣ አንተ ወይስ እሱ፣ ግሱ ብቻውን አይነግርህም። ትንሿ ሻንጣ ይቺ ናት።

ኤአይን «አቅልልልኝ» ስትሉት ብዙ ጊዜ ትልቁን ሻንጣ አራት ቦታ ይከፍለዋል። ኪሎው ያው ነው። ጭራሽ ማሰሪያውን፣ «ፖርኬ»ን (ምክንያቱም)፣ ይጥለዋል። ምን በምን ምክንያት እንደሆነ እንግዲህ ተማሪው ራሱ ይገምት።

«በቀመር ለክቼዋለሁ» የሚልም አይጠፋም። ፍሌሽ የተባለ ሰው በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው የንባብ ቅለት ቀመር የሚያየው በዓረፍተ ነገር ስንት ቃል፣ በቃል ስንት ቀለም (ሲላብል) እንዳለ ብቻ ነው። የፖርቹጋልኛ ቃል ረዘም ስለሚል ብራዚሎች በ1996 እ.ኤ.አ. በውጤቱ ላይ 42 ነጥብ ጨመሩበት። ያኔም ሰብጀንክቲቭን አያውቅም።

ሰዋስውን ለመለካት የምንጠቀምባቸው የሐረግ ቆጣሪ ፕሮግራሞችም ንጹሕ አይደሉም። በአብዛኛው የሠለጠኑት በጋዜጣ ጽሑፍ ስለሆነ ምልልስ ሲመጣባቸው ይሳሳታሉ።

ውስብስብ መሆኑም ጥፋት አይደለም። መካከለኛ ደረጃ የደረሰ ተማሪ «ሴ ፎር»ን ሊያገኘው ይገባል። ለጀማሪ ከሆነ ግን ኤአይን «አጭር አድርገው» አትበሉት። «የአሁን ጊዜ ብቻ፣ የወደፊት ሰብጀንክቲቭ አታስገባ፣ ፖርኬን አትቁረጥ» በሉት። ከዚያ «ሴ» (ከሆነ) እና «ክዋንዱ» (በሚሆንበት ጊዜ) ካሉበት ቀጥሎ ያለውን ግስ በዓይናችሁ ፈትሹ። መደበኛ ግስ እዚያ ቦታ ላይ ከመዝገበ ቃላቱ ቅርጽ ጋር ስለሚመሳሰል በቀላሉ ያመልጣል።