አባት ካረፈ በኋላ የምትፈለግ እህት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ እንዲህ ዓይነቱ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለቅሶ ቤት ነው። አንድ የድሮ ጓደኛ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ «አጋሮ አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ተነግሯት ይሆን?» ይላል። ሰልስቱ ሳይወጣ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «እህቴ ናት፣ ልፈልጋት» ይላል። ሌላው «ያልሆነ ነገር አታምጣብን» ይላል።

ለነገሩ እንዲህ ያለ ልጅ ባይኖር ነው የሚገርመው። ጅማ የቀድሞው የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። አስተማሪው፣ ወታደሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው በምደባ መጥቶ በዝውውር ሄዷል። በቡና ሰሞን ደግሞ ነጋዴውና ሾፌሩ ሊሙ፣ አጋሮ፣ ቦንጋ ሲመላለስ ኖሯል። ፍለጋውን የሚያከብደው እርግጥ ነው ተብሎ የሚደጋገመው የተሳሳተ ነገር ነው።

«ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አይወርስም»

ይወርሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 836 በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርግም። በኑዛዜ ስሟ አለመጠቀሱም ብቻውን አይነቅላትም። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው ኑዛዜው በግልጽ ሲናገርና ምክንያቱን ሲጠቅስ ነው።

እዚህ ላይ ቤቱን የሚያስደነግጠው «እናታችን ልትፈናቀል ነው» የሚለው ስጋት ነው። ከጋራ ንብረቱ ግማሹ ግን የእናታችሁ ነው፤ ማንም አይነካውም። የሚከፈለው የአባት ድርሻ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ካሉና አራተኛዋ ከተገኘች፣ የአባትየው ድርሻ ለአራት ይካፈላል። በቃ።

ልጅነቷን የማስረዳቱ ሸክም ግን የእሷ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌላት አባትየው እንደ ልጁ ይቆጥራት እንደነበር፣ ዘመድና ጎረቤትም በዚያው ያውቃት እንደነበር በምስክር ማስረዳት ትችላለች።

ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲስማሙ ብቻ ነው። እዚያ ክፍፍሉ ይለያል፤ ወንድ ልጅ የሴት ልጅን እጥፍ ይወስዳል፤ በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድም ያለ ኒካህ የተወለደ ልጅ ከአባቱ አይወርስም። ግን «ድብቅ ልጅ» የተባለችው በኒካህ የተገባች ሁለተኛ ሚስት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ዲቃላ እያሉ ከማማት በፊት ይህን ማጣራት ይገባል።

«የወራሽነት ማረጋገጫ ወጥቷል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል»

አልተዘጋም። ማረጋገጫው ሊሰረዝ ይችላል። ወራሽ ነኝ የምትል ሰው መብቷንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቀች ጀምሮ ሦስት ዓመት አላት። ከዚያ ውጭ በመርህ ደረጃ የመጨረሻው ወሰን 15 ዓመት ነው። ስለዚህ «ቶሎ አውጥተን እንገላገል» የሚለው ምክር የሚያመጣው ክስ ነው። እያወቁ «ሌላ ልጅ የለውም» ብሎ ምስክር ማቆምማ ሌላ መዘዝ አለው።

«ስሟን ፌስቡክ ላይ ፈለግኩ፤ የለችም»

የፈለጋችሁት በየትኛው ስም ነው? እኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው። አባት በሌለበት ያደገች ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በእናቷ አባት ወይም በእንጀራ አባቷ ስም ትጠራለች። በጉዲፈቻ ሄዳ ከሆነ ደግሞ ያሳደጋትን ሰው ስም ይዛ ትምህርት ቤት ገብታለች። የአባታችሁን ስም ከኋላ አድርጋችሁ ብትፈልጉ ዕድሜ ልካችሁን አታገኟትም።

የአባታችሁ ስም ራሱም አንድ ላይሆን ይችላል። በጅማ አካባቢ ሰው በፈረስ ስም ይጠራ ነበር፤ የንጉሡ «አባ ጅፋር» መጠሪያም የዚያ ልማድ ነው። ሾፌርና ነጋዴ ደግሞ ቅጽል ስም አያጣም። አጋሮ ላይ በመታወቂያ ስሙ ስትጠይቁ «አናውቀውም» ያሉት አዛውንት፣ ቅጽል ስሙን ስትጠሩላቸው የተከራየበትን ግቢ ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ። መጀመሪያ የሚሰበሰበው እንግዲህ አባታችሁ የተጠራባቸው ስሞች፣ የሠራባቸው ቦታዎችና ዓመቶቹ ናቸው። የሚያውቁት ሰዎች አርጅተዋል፤ ከነሱ መጀመር ይሻላል። በነገራችን ላይ «ሳይተዋወቁ እንዳይጋቡ» የሚለው የሽማግሌዎች ስጋት እዚህ ይጠቅማችኋል። ለውርስ ስትጠይቁ ዝም የሚሉ ሰዎች ለዚህ ሲባል ይናገራሉ።

«ቀበሌ ሄዶ መዝገብ ማየት ነው»

የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በወጥነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ አዋቂ ሰው መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል። የተሻለ ዕድል ያላቸው ሌሎች ወረቀቶች ናቸው፦ የክርስትና መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የእድር መዝገብ። አባታችሁ የመንግሥት ሠራተኛ ከነበረ የግል ማኅደሩን አስታውሱ። ሠራተኛ ፎርም ሲሞላ የልጆቹን ስም ይጽፋል፤ ቤት ውስጥ ያልተናገረውን እዚያ የጻፈ አባት አለ። ልጅቷ ገና 18 ዓመት ካልሞላት ደግሞ የጡረታ አበል ሊገባት ይችላል፤ ይህን አታዘግዩት።

ቀይ መስቀልስ? የማፈላለግ አገልግሎቱ በዋናነት በጦርነት፣ በአደጋና በስደት ለተለያዩ ቤተሰቦች ነው። ልጅቷ የጠፋችው በዚህ ምክንያት ከሆነ ሞክሩት።

«መልኳ ቁርጥ አባቴን ነው» እና «አባትየው ስለተቀበረ ዲኤንኤ አይሠራም»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። መልክ ያሳስታል፤ በተለይ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ያጣውን ፊት በየሰዉ ላይ ያያል። የደም ዓይነት መመሳሰልም ዝምድናን አያረጋግጥም።

ለዲኤንኤ ደግሞ መቃብር መክፈት የግድ አይደለም። በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ሁለት ልጆች በአማካይ 25 በመቶ ያህል ዲኤንኤ ይጋራሉ። ችግሩ አጎትና የወንድሙ ልጅም፣ አያትና የልጅ ልጅም የሚጋሩት ያንኑ ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ናሙና ብቻውን የሚሰጠው ውጤት እንደ አባትና ልጅ ምርመራ ቁርጥ ያለ ላይሆን ይችላል። የሁለቱ እናቶች ወይም የአባትየው ወንድም ናሙና ሲጨመር ይጠራል። ሁለቱም ሴቶች ከሆኑ ከአባት የሚመጣው ኤክስ ክሮሞዞም ለሁለቱም አንድ ነው፤ ይህ ይረዳል። ሁለቱም ወንዶች ከሆኑ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም መለያየት «አንድ አባት የላችሁም» ያሰኛል፤ መመሳሰሉ ግን የአጎት ልጆችንም ያጠቃልላል።

«እማማ ከሰማች ትሞታለች»

ብዙ እናቶች ከልጆቻቸው በፊት ያውቁት ነበር። ዝም ያሉት ለቤታቸው ሲሉ ነው። ሳይነግሯት ፍለጋ ጀምሮ ከገበያ እንድትሰማው ማድረግ ነው የሚጎዳት። ከአርባው በኋላ ለብቻዋ፣ ከምታከብረው ሰው ጋር ሆናችሁ ንገሯት። እንደ ፈቃድ ጥያቄ ሳይሆን እንዳታፍር ብላችሁ።

«ከተገኘች ሄዶ ማቀፍ ነው»

ፍለጋው የሚበላሸው እዚህ ነው። እሷ ያሳደጋትን ሰው አባቴ ነው ብላ የምታምን ልትሆን ትችላለች። ባሏ ላያውቅ ይችላል። እናቷ በሕይወት ካለች ደግሞ ታሪኩ የእሷም ነው፤ እሷን ዘሎ ልጅቷ ጋ መድረስ ነውር ነው። «እህቴን አፋልጉኝ» ብሎ ፎቶና ስም ቲክቶክ ላይ መልቀቅማ የሰው ትዳር ማፍረስ ነው፤ ስንቱ አይቶ እንደሚያልፍ፣ ስንቱ እንደሚያወራ አታውቁም።

መካከለኛ ሰው ይሂድ። ለሰፈሩ የታወቁ፣ አፋቸው የተቆጠበ አንዲት እናት ከሦስት ሽማግሌ ይሻላሉ። መልእክቱ አጭር ይሁን፦ ማን እንዳረፈ፣ መቼ፣ የት እንደተቀበረ፣ የሚፈልጓት ልጆቹ መሆናቸውን። አንድ የአባታችሁ ፎቶ ላኩ። መጀመሪያ የምትጠይቀው «ስለ እኔ ያውቅ ነበር?» የሚለውን ሊሆን ይችላልና መልሱን አዘጋጁ፤ ካላወቃችሁ «አናውቅም» በሉ፣ ለማጽናናት አትዋሹ። አባታችሁ ስኳር ወይም ደም ግፊት ከነበረበት ንገሯት፤ ለእሷም ለልጆቿም ይጠቅማል።

በመጀመሪያው ቀን ቤትና መሬት አይነሳ። ያኔ የዝምድናው ጥያቄ የፊርማ ጥያቄ ይመስላታል፤ አንዳንዴም ነው። «አልፈልጋችሁም» ካለች ስልክ ቁጥራችሁን መካከለኛዋ ጋ ትታችሁ ተመለሱ። የውርሱ ነገር ግን መልሷ ምንም ቢሆን ሊደበቅ አይገባም። እናንተን እምቢ ማለቷ ድርሻዋን መተው አይደለም። ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በዚያችው ሴት በኩል በጽሑፍ ይድረሳት፤ የምትፈልገውን ትወስናለች።